ስምንተኛው ምስማር

ኦሪን ፕሩዊት በምንጩ ዳር ጭቃ ላይ ያየው የኮቴ ምልክት የእሱ ሥራ አልነበረም። ባልዲውን ሳይሞላ አስቀመጠና ተንበረከከ። ጭቃው ሌሊት ቆርፍዶ አድሮ አሁን ፀሐይ ሲነካው ገና መላላት መጀመሩ ነበር፤ የምልክቱ ጠርዝ አልፈረሰም። የምስማሮቹን ራስ በጣቱ ጫፍ እየነካ ቆጠረ። በውጭ በኩል አራት፣ በውስጥ በኩል አራት። ስምንት። እንደገና ቆጠረ። ስምንት ነበሩ።

እሱ ፈረስ ሲያጫማ የፊት እግር ላይ የሚመታው ሰባት ነው። በውጭ አራት፣ በውስጥ ሦስት፤ የኮቴው ውስጠኛ ግድግዳ ስስ ስለሆነ። ይህን ከአባቱ ተምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቶበታል። በዚህ ሸለቆ ካሉት አምስት ፈረሶች ደግሞ አንዱም በሌላ ሰው እጅ ተጫምቶ አያውቅም።

እንግዳ ሰው መጥቷል ማለት ነው። ኦሪን ቀና ሳይል ዙሪያውን ቃኘ። ጥድ፣ ድንጋይ፣ ከበላይ በኩል ከጎጇቸው የሚወጣው ቀጭን ጭስ። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና ምልክቱን መከተል ጀመረ። መንገዱን ሳይረግጥ፣ በጎን በጎኑ፣ አንድ ምልክት ሳያይ ሁለተኛ እርምጃ ሳይራመድ።

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልደነገጠ። ነገ፣ ሐሙስ ማለዳ፣ እሱና ኤቨሬት ሎውሪ ሊነሱ ነበር። በሰሜኑ የተራራ በር ተሻግረው፣ አምስት ቀን ጋልበው፣ ሞንታናን ለቀው ካናዳ ሊገቡ። ከድንበሩ ማዶ ብራንት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኦሪን ሚስት ዊኒ ከኤፕሪል ጀምራ እዚያ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ልብስ እያጠበች ትጠብቀዋለች። በፀደይ በሚያልፈው ቆዳ ነጋዴ እጅ የላከችው መልእክት አጭር ነበር። የመጀመሪያው በረዶ ሜዳውን እስኪሸፍን ትጠብቃለች፤ ከዚያ ወዲያ ወንድሟን ተከትላ ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። ስድስት ዓመት ይበቃኛል ብላለች። ኦሪን አልተቀየማትም፤ እውነቷን ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ እመጣለሁ ብሎ በዚያው ነጋዴ መልሶላታል። ሴፕቴምበር ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከሃያ እርምጃ በኋላ ቆመ።

በረጋው ጭቃ ላይ የፈረሱ አራቱም እግር በሥርዓት ወጥቶ ነበር። ስምንት ምስማር ያለው የግራ የፊት እግር ብቻ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሰባት፣ ስድስት፣ ስድስት ናቸው፤ ጣታቸው ላይ ክብ ተደርገው የተቀጠቀጡ፣ ተረከዛቸው አጠር ያለ። ሦስቱን፣ ሰው ፊቱን በመስታወት እንደሚያውቅ፣ አወቃቸው። የእሱ ነበሩ።

እንግዳ አልመጣም። ከራሳቸው ፈረሶች አንዱ ወደ እንግዳ ሄዶ ተመልሷል።

ምልክቱ ወደ በረታቸው አመራው። በረቱ ውስጥ የኤቨሬት ሎውሪ ግራጫ ባዝራ ጁኖ አንገቷን አጥሩ ላይ ጥላ ቆማለች። ኦሪን አንገቷን ዳበሰ፣ ጀርባውን ወደ ራሷ አዙሮ የግራ እግሯን አነሣና በጉልበቶቹ መካከል ያዘ። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ብረት ነው፣ ገና ሰማያዊነቱ ያልለቀቀ። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። በውስጠኛው ተረከዝ በኩል የስንዴ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ በሞረድ ተቆርጣለች።

ያችን ጉድጓድ ለረዥም ጊዜ ተመለከታት። ራስኪን ከተማ የፈረስ ጫማ የሚሠራበት ሱቅ በነበረው ጊዜ ራሱም አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጫማ ሠርቷል። የዚያን ጊዜው ሸሪፍ መጥቶ፣ አንድ የተጠረጠረ የከብት ሌባ ፈረስ ላይ እንዲመታለት ለምኖት ነበር። ሌባው የሚረግጠውን ሁሉ እየፈረመ ይሄዳል፤ ተከታዩ በመቶ ኮቴ መካከል እንኳ አይስተውም። ሌባውን በሦስተኛው ቀን ያዙት።

እግሯን ቀስ ብሎ መሬት አስነካት።

ጎጆው ደጃፍ አይዛያ እሳት ላይ ጎንበስ ብሎ ድንች በአሳማ ስብ ይጠብሳል። ሽማግሌው በዚህ ሸለቆ አሥራ አራት ዓመት ኖሯል፤ ኦሪንና ኤቨሬት ሸሽተው ሲመጡ በር ከፍቶ ያስገባቸው እሱ ነው።

«ውሃው የታለ?» አለ አይዛያ። «ምንጩ ሸሽቶ ሄደ?»

«ባልዲውን እዚያው ረሳሁት።»

«አንተ? አንተ ባልዲ ረሳህ? ምነው ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ተወው፣ አይዛያ» አለ ኤቨሬት ከውስጥ እየወጣ። ረጅም ነው፤ በየበሩ ጎንበስ ማለት ስለለመደ በር የሌለበት ቦታም ጎንበስ ይላል። «ሚስቱን ሊያይ ነው እኮ፤ ባልዲ ቀርቶ ጭንቅላቱን ቢረሳ ማን ይፈርድበታል? ትናንት በሹካ ጢሙን ሲያበጥር አላየኸውም?»

«በሹካዬ?»

«በሹካህ። እንግዲህ ዊኒ ስታየው 'ይሄን ድብ ማን አስገባብኝ' ብላ በመጥረጊያ ነው የምታባርረው። እኔ ከኋላ ቆሜ 'እመቤቴ፣ ይሄ ድብ ሰው ነበር' እያልኩ እመሰክርለታለሁ።»

አይዛያ እየሳቀ ሳህኖቹን አደለ። ኦሪን ግንድ ላይ ተቀመጠ፤ ሳህኑን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ፈረሶቹን ልይ» አለ። «ከመነሣታችን በፊት የሁሉንም እግር ማየት አለብኝ።»

«የእኔን ተዋት» አለ ኤቨሬት አፉን እንደሞላ። «ጁኖን ትናንት አይቻታለሁ፤ ደኅና ናት።»

«አንተ አየሃት?» አለ አይዛያ። «የፈረስ እግር አራት መሆኑን ታውቃለህ?»

ኤቨሬት ሳቀ። ሳቁ ግን ከወትሮው ቀድሞ አለቀ፤ ኦሪን ልብ አለው።

ኤቨሬት አራት ቀን ጠፍቶ የተመለሰው ከትናንት ወዲያ ነው። የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም። በዚህ ሸለቆ ያለው አንድ ሕግ ይህ ነበር። ሰው ከየት እንደመጣ፣ የት እንደዋለ፣ ምን አድርጎ እንደሸሸ አይጠየቅም። ሁለት ክረምት ቀደም ሲል ያደረ አንድ መንገደኛ፣ አይዛያን የየት አገር ሰው እንደሆነ በጨዋታ ቢጠይቀው፣ ሽማግሌው ሳህኑን ከእጁ ተቀብሎ ባቄላውን ለመንገደኛው ውሻ ደፍቶለት ነበር። ኦሪን ሕጉን ይወደዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ወለል ላይ ጎን ለጎን ሲተኙ ሰላም የሰጣቸው እሱ ነው። ያም ሆኖ ኤቨሬት ሳይጠየቅ ተናግሮ ነበር። የሰሜኑን በር ወጥቼ አይቼዋለሁ፣ ሰው የሚባል የለበትም፣ የምዕራቡን ግን በረዶ ዘግቶታል ብሎ። ኦሪን አመስግኖት ነበር።

«የት ነበርክ?» አለ ኦሪን።

የአይዛያ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልክ?»

«ኤቨሬትን ነው። አራቱን ቀን የት ነበርክ?»

መጥበሻው ውስጥ ስቡ ይንጫጫል። አይዛያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ኦሪንን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ከዚህ ቀልደኛ አፍ ቢወጣ አይገርመኝም ነበር» አለ። «ካንተ ግን አልጠበቅሁም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር እየሰማሁ አልበላም።» ሳህኑን ይዞ ከጎጆው በላይ ወዳለው ትልቅ ድንጋይ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ሆኖ የታችኛው ሸለቆ በሙሉ ይታያል።

«ደግ አደረግህ፤ ሽማግሌውን አስኮረፍከው» አለ ኤቨሬት። «ምሳ ማን ሊሠራልን ነው?»

«ጁኖ አዲስ ጫማ አድርጋለች።»

«አዎ፣ እሱማ...» ኤቨሬት ድንቹን በሹካው አገላበጠ። «እዚያ ታች፣ ባዶ የቀረው የአዳኞች ጎጆ የለም? እዚያ አንድ ብረት አገኘሁ። የድሮው ወልቆባት ነበር፤ ራሴ መታሁላት። አንተን ላለማድከም ብዬ ነው።»

«ራስህ መታህላት።»

«ምነው፣ እጅ የለኝም?»

«ባለፈው ክረምት መጥበሻ ለመስቀል አንድ ምስማር ስትመታ አውራ ጣትህን ፈጠፈጥክና ሳምንት ሙሉ ስታለቃቅስብን ከረምክ። ይሄ ስምንት ምስማር ነው። ስምንቱም በአንድ መስመር ወጥተው፣ እኩል ታጥፈው፣ እኩል ተሞርደዋል። የሠራው ሰው ወናፍ አለው፣ ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፍ አለው፣ ፈረሱን የሚይዝለት አለው። አልቸኮለም። በዚህ በሦስት ቀን መንገድ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለው ራስኪን ብቻ ነው።»

ኤቨሬት ሹካውን አስቀመጠ።

«አንተ ሰው ጭንቅ ነህ» አለ። «ሌላው ሰው ፊት ያነባል፤ አንተ ኮቴ ታነባለህ።»

«ሸሪፉ ጋ ሄደህ ነበር?»

«ኦሪን...»

«አዎ ወይም አይደለም በለኝ።»

«አዎ።»

ኦሪን የሳህኑ ጠርዝ ላይ ያለው ስብ ሲረጋ፣ ነጭ ሲሆን ተመለከተ።

«መጀመሪያ ስማኝ» አለ ኤቨሬት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ጥርሴ እየረገፈ ነው። ባለፈው ፌብሩዋሪ በትኩሳት ስቃዥ ስታስታምመኝ አስታወስክ? ያኔ ነው የወሰንኩት። ከዚህ ድንጋይ ሥር አልቀበርም አልኩ። ካናዳስ ብንሄድ እኔን ማን ይጠብቀኛል? አንተ ሚስት አለህ። አገረ ገዢው ምሕረት ሊያወጣ ነው ተባለ፤ ምስክር ለሚሆን ሰው። ወረቀት ሰጡኝ።»

«የምን ምስክር?»

ኤቨሬት ወደ እሳቱ አየ።

«የምን ምስክር ነው፣ ኤቨሬት?»

«የዚያ ቀኑን ነዋ። አንተ ሱቅ ውስጥ የሆነውን።»

ያን ቀን ኦሪን በየጠዋቱ ያየዋል። የአንድ ትልቅ የከብት ኩባንያ ቅጥረኛ ችቦ ይዞ ሱቁን ሊያቃጥል ገባ፤ ኦሪን ከኩባንያው ጋር የተጣሉትን የትንንሾቹን ከብት አርቢዎች ፈረስ ስለሚያጫማ። ኦሪን የኤቨሬትን ፈረስ እግር በጉልበቱ መካከል ይዞ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና ሲል ተተኩሶ አልቋል። የተኮሰው ከበሩ ኋላ የቆመው ኤቨሬት ነው፤ ሬሳው የወደቀው ግን በኦሪን ወለል ላይ ነው፣ በየግድግዳው የተለጠፈውም የኦሪን ስም ነው። አንድ ቃል ተናግሮ ስሙን ከዚያ ማስፋቅ ይችል ነበር። አልተናገረም፤ ኤቨሬት የተኮሰው ለእሱ ብሎ ነውና። በዚያው ክረምት የኦሪን እግር ሲሰበር ኤቨሬት በቅርንጫፍ ላይ አስተኝቶ ዘጠኝ ማይል በረዶ ላይ ጎትቶታል። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ጥይት ተነጋግረው አያውቁም።

«ማን ተኮሰ ብለህ ፈረምክ?»

«ስምህ እኮ ድሮም ወረቀቱ ላይ አለ! ስድስት ዓመት ሙሉ አንተን ነው የሚፈልጉት። እኔ ምን ጨመርኩበት?»

«ማን ተኮሰ አልካቸው?»

«አንተ» አለ ኤቨሬት።

ከበላይ በኩል የአይዛያ ማንኪያ ሳህኑን ሲነካ ተሰማ።

«አይሰቅሉህም» አለ ኤቨሬት ፈጠን ብሎ። «ማለውልኛል። ሰውዬው ችቦ ይዞ ስለነበረ እስር ብቻ ነው የሚሆነው አሉ፤ አሥር ዓመት፣ ምናልባት ስምንት። ሐሙስ በሰሜኑ በር ይዘኸው ና አሉኝ፣ ያለ ጥይት። ያለ ጥይት እንዲሆን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የለመንኩልህ!»

«ወረቀቱን አሳየኝ።»

ኤቨሬት ከሸሚዙ ውስጥ አወጣው። ላብ ጠጥቶ ለስልሷል። ኦሪን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«ይሄ የሸሪፉ ፊርማ ነው። ሸሪፍ ምሕረት አይሰጥም።»

«ማኅተሙ ኋላ ይመጣል ብለውኛል።»

«ተነሥ። ና።»

በረት ወሰደው። የጁኖን እግር አነሣ፣ የኤቨሬትን አመልካች ጣት ያዘና በብረቱ ላይ ባለችው ጉድጓድ ላይ አኖረው፤ ዕውር ሰው ፊደል እንደሚያስነኩት።

«ምንድን ነው?» አለ ኤቨሬት።

«ፈረስህን ማን ወሰደልህ?»

«ምክትሉ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ስፈርም። 'ጫማዋ ላልቷል፣ ከተማው በሚከፍለው ቀጥቃጭ እናስጠብቅልህ' አለኝ። ቡናም አምጥቶልኛል። ጨዋ ሰው ነው ብዬ...»

«ያን ጫማ የመታሁት ከሃያ ሁለት ቀን በፊት ነው። የእኔ ምስማር በሃያ ሁለት ቀን አይላላም።» ይህን ሲናገር ብቻ ድምፁ ከፍ አለ። «ይሄ ምልክት ነው። ከራስኪን እስከዚህ አጥር ድረስ በየርምጃህ እየፈረምክላቸው መጣህ። ሐሙስን የሚጠብቅ ሰው ይሄን አያደርግም። ሁለት ሰው እንቅልፉ ላይ ሊይዝ የፈለገ ነው የሚያደርገው። ምስክር ብለው የፈረሙልህ ፍርድ ቤት እስክትደርስ ነው፤ ወይም እዚያም አያደርሱህም።»

ኤቨሬት ጣቱን ከብረቱ ላይ አላነሣም። ከስድስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልድበት ነገር አጣ።

«ይሄንን አላሰብኩም» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

አይዛያ ከድንጋዩ ላይ ጮኸ። «ፈረሰኞች! ከጥዱ ሥር! ስድስት... ሰባት ናቸው! አንዱ ወርዶ መሬት እያየ ነው!»

ከጥዱ ሥር እስከ ጎጆው ሽቅብ ለሚወጣ ፈረስ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያንስም። ኦሪን ይህን ሲያሰላ እጁ ቀድሞ ዳማ ፈረሱ ላይ ኮርቻ እየጣለ ነበር።

«ንቀልልኝ» አለ ኤቨሬት። «ኦሪን፣ በእናትህ፣ ይሄን ነገር ንቀልልኝና አብሬህ ልሂድ። የምዕራቡ በር ክፍት ነው፤ በረዶ የለበትም፣ ዋሽቼህ ነው። አብረን እንውጣ።»

ኦሪን ጉጠቱን ከከረጢቱ አወጣ። የጁኖን እግር እንደገና በጉልበቱ መካከል ያዘ። የታጠፉትን የምስማር ጫፎች አንድ በአንድ አቃናቸው፣ ከተረከዙ ጀምሮ ብረቱን ወደ ውስጥ እያጎነበሰ ፈለቀቀው፤ ኮቴው እንዳይሰነጠቅ፣ ሳይቸኩል። ባዝራዋ ራሷን አዙራ ሸሚዙን አሸተተች። እንዲህ የተጠነቀቀው ለባዝራዋ ብሎ ነው፤ ኤቨሬት ግን ይህን አልተረዳም፤ ትከሻውን ሊያቅፈው እጁን ዘረጋ። ኦሪን ከእጁ ሥር ወጣ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አለ። «ብራንትን ነግረሃቸዋል?»

ኤቨሬት መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደ። ኦሪን አየው። ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ቶሎ ነው የሚመልሰው፤ የሚዘገየው እውነት ሲናገር ነው።

«ነገርኳቸው።»

«የዊኒንስ ስም?»

«እሱንም። የምትሠራበትንም ቤት።»

«ለምን? አንዴ ሐሙስ ይዤው እመጣለሁ ካልካቸው፣ እሷ ምን ታደርግላቸዋለች?»

«ጠየቁኝ እኮ» አለ ኤቨሬት። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ተቀምጠው፣ አንድ በአንድ፣ ረጋ ብለው ጠየቁኝ። የት ትኖራለህ፣ ምን ትበላለህ፣ ክረምቱን እንዴት ቻልከው። ስድስት ዓመት ማን ምን ጠይቆኝ ያውቃል? አንዴ መናገር ስጀምር ማቆም አቃተኝ።»

ኦሪን ኮርቻው ላይ ወጣ። አይዛያ ከድንጋዩ ወርዶ በበረቱ በር ቆሞ ነበር። ባዶ ሳህኑን ደረቱ ላይ ለጥፏል።

«አብረኸኝ ና» አለው ኦሪን።

«የት? እኔን የሚፈልጉኝ ሰዎች ሁሉ ሞተው አልቀዋል። ዳኛውም ሞቷል። የሚመጡትን ድንች አበላቸዋለሁ።» ሽማግሌው የዳማውን ልጓም ያዘ፤ ሊያቆመው ሳይሆን እንደሚሸኝ ሰው። «ቅድም የተናገርኩህን እርሳው። ያን ሕግ ያወጣሁት እኔን እንዳትጠይቁኝ ብዬ ነው። እናንተ እርስ በርሳችሁ እንዳትጠያየቁ ብዬ አልነበረም።»

ኦሪን እጁን ጨበጠው። ኤቨሬትን አላየውም። ዳማውን ወደ ምዕራቡ በር አዞረው።

ከኋላው ኤቨሬት ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራው። ሦስተኛ ጊዜ አልጠራም።

ወደ ምዕራቡ በር የሚወጣው መንገድ ልቅ ድንጋይ ነው። ኦሪን ግማሹን በእግሩ ነው የወጣው፣ ፈረሱን እየሳበ። ከፍታው ላይ ሲደርስ፣ ማንም ከታች እንዳያየው ከአለት ሥር ተጠግቶ ወደ ኋላ ተመለከተ። ጎጆው የክብሪት ቀፎ ያህላል። ከጎጆው በታች ባለው ሜዳ ላይ ኤቨሬት ጁኖን በልጓሟ እየሳበ ወደ ሰሜን ሲሄድ አየ። ባዝራዋ በባዶው እግሯ ድንጋዩን ስትረግጥ ታነክሳለች፤ ጀርባዋ ላይ መውጣት አይቻልም። ሰባቱ ፈረሰኞች ከሜዳው ጠርዝ ወጡ፣ እንደ ማጭድ ተጣመሙና ከበቡት። ኤቨሬት እጆቹን አነሣ። በአንዱ እጁ ነጭ ነገር ይዞ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ወርዶ ተቀበለው፣ ሳያነብ ኪሱ ከተተው፣ ኤቨሬትንም በጠመንጃው ሰደፍ ከጉልበቱ ኋላ መታው። ከዚህ ርቀት ድምፅ አይሰማም። ኤቨሬት ሲንበረከክ ብቻ ታየ።

ኦሪን ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት አልቆየም።

በሩን ተሻግሮ ጥቂት ሲወርድ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ቁልቁል ወደ ሰሜን ወርዶ ሸለቆውን እየታከከ ወደ ድንበሩ ይሄዳል፤ ሳር ያለበት፣ ውሃ ያለበት፣ በስምንት ቀን ብራንት የሚያደርስ። የግራው ወደ ደቡብ ነው፤ የትም የማያደርስ።

ከፈረሱ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ነገሩንም ሥራ እንደሚሠራ ሰው ቁራጭ በቁራጭ አየው። ራስኪን ቴሌግራፍ አለ። ሸሪፉ ዛሬ ማታ ወይም ነገ ወደ ከተማው ሰው ይልካል። ከዚያ ቃሉ በቴሌግራፍ ብራንት ለመድረስ ግማሽ ቀን ይበቃዋል፤ እሱ ስምንት ቀን ይፈጅበታል። እሱ ሲደርስ በማረፊያ ቤቱ ጓሮ፣ ልብስ በተሰጣበት ገመድ መካከል፣ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። ዊኒንም ያስቆሟታል፤ እሱን ስታይ እንዳትጮህ ከኋላዋ ሆነው። መልእክት ሊልክላት ቢሞክር ቆዳ ነጋዴው እንደገና የሚያልፈው በሚመጣው ፀደይ ነው። ባይሄድ ደግሞ ሰዎቹ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ይሰለቻሉ። እሷን በምንም ሊከሷት አይችሉም። በረዶው ይወርዳል፣ እሷም ወንድሟን ተከትላ ትሄዳለች።

ከየትኛውም በኩል ቢያነሣው ነገሩ ያው ነበር። የትኛውም ምስማር አልላላለትም።

ኤቨሬት ምን እንዳደረገ ለዊኒ የሚነግራት ሰው የለም። ቡና ያመጣው ጨዋ ምክትል አይነግራትም። ሸሪፉ ባልሽ ነፍሰ ገዳይ ነው ይላታል፤ እሷ ይህን ስድስት ዓመት ሰምታ አላመነችም፣ አሁንም አታምንም። የምታምነው ሌላውን ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ እመጣለሁ ብሎ ቃል የገባላት ሰው፣ በመስኮቷ ስትጠብቀው ከርማ፣ በረዶ ወርዶ፣ እንዳልመጣ። እሱ በዚህ ድንጋይ ላይ ሆኖ ስለ ኤቨሬት እንደሚያስበው ሁሉ፣ እሷም ባቡር ላይ ተቀምጣ ከዳኝ እያለች ስለ እሱ ታስባለች።

ተነሥቶ ወደ ኮርቻው ወጣ። ዳማው ከታች በኩል ሳሩ ሸቶት ወደ ቀኝ መንገድ ራሱን አዞረ። ኦሪን ልጓሙን ሳበ። ፈረሱ አልታዘዘም፤ እንደገና ወደ ቀኝ ተዞረ። ኦሪን ቀስ ብሎ አንገቱን መታ መታ አደረገውና በሁለት እጁ ወደ ደቡብ መለሰው።